የመንገድ ደኅንነት ትምህርት በከተማ አስተዳደሮች እጅ

እንደሚታወቀው ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑ ሕፃናትና ወጣቶች በዓለም ላይ ከማናቸውም በሽታ ይልቅ በመንገድ አደጋ ይሞታሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ዘገባ ገልጾት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣውም ደግሞታል። በአዲስ አበባም ቢሆን በመኪና አደጋ ሕይወታቸውን ከሚያጡት አብዛኞቹ በመኪና የተሳፈሩት ሳይሆኑ በእግራቸው የሚሄዱት ናቸው። የተማሪው ነገር ደግሞ ከሌላው እግረኛ ይለያል። ነጋዴው መንገድ ቢፈራ ሱቁን ዘግቶ ሊውል ይችላል፤ ተማሪውን ግን ወላጅና መንግሥት በአንድ ቃል «ሂድ» ብለው በቀን ሁለት ጊዜ፣ ምሳውን ቤቱ የሚበላ ከሆነም አራት ጊዜ አስፋልት ያሻግሩታል። እንግዲህ ልጁን ወደ መንገድ የሚያወጣው ት/ቤቱ ስለሆነ፣ ስለ መንገድ የሚሰጠው ትምህርት ምን ያህል እንደሚረባው መጠየቅ የትራፊክ ፖሊስ ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም።

የከተማ አስተዳደሮች በዚህ ረገድ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የአዲስ አበባ አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2030 የሚዘልቅ የመንገድ ደኅንነት ስልት አውጥቷል፤ የትራፊክ ማኔጅመንትን ሥራ ለብቻው የሚይዝ መሥሪያ ቤት አቋቁሟል፤ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስያሜ በተመረጡ እሑዶች አንዳንድ ጎዳናዎችን ለመኪና ዘግቶ ልጆች እንዲሯሯጡባቸው ማድረግ ጀምሯል፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በተካሄደው የኮሪደር ልማትም በብዙ ሥፍራ ሰፋ ያሉ የእግረኛ መንገዶች ተሠርተዋል። በየት/ቤቱም የትራፊክ ክበቦች ተቋቁመዋል፤ አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሱ «ተማሪ ትራፊኮች» በበር ላይ ይቆማሉ፤ በሚኒ ሚዲያ ስለ መንገድ ይነገራል፤ የጥያቄና መልስ ውድድር ይደረጋል፤ ፖስተር ይለጠፋል። በክልል ከተሞችም መጠኑ ይነስ እንጂ መልኩ ይኸው ነው። ሐሳቡ የሚያስመሰግን መሆኑን የሚክድ የለም። መመዘን ያለበት ግን ሥራው ነው።

ጉድለቱ የሚጀምረው ሥራው ከሚለካበት መለኪያ ነው። በየዓመቱ መጨረሻ የሚቀርቡት ሪፖርቶች ይህን ያህል ሺሕ ተማሪዎች «ግንዛቤ እንዲጨብጡ» መደረጉን፣ ይህን ያህል በራሪ ወረቀት መሠራጨቱን፣ ይህን ያህል ክበብ መቋቋሙን ይቈጥራሉ። ግንዛቤ እንደ ቆሎ በእፍኝ ተሰፍሮ የሚታደል ይመስል፣ የሰጪው እንጂ የተቀባዩ ነገር በሪፖርቱ ውስጥ አይገኝም። ከትምህርቱ በፊት ልጆቹ ይሻገሩ የነበረው እንዴት ነው? ከትምህርቱ በኋላስ ምን ለወጡ? በዚያ ት/ቤት በር ላይ የተጎዳ ልጅ አለ? ካለስ በየትኛው ሰዓት፣ ከየት ወደ የት ሲሻገር? እነዚህ ጥያቄዎች እስካልተጠየቁ ድረስ መርኀ ግብሩ ተሳካ ወይም ከሸፈ ለማለት አይቻልም፤ ተካሄደ ለማለት ብቻ ይቻላል።

የአሰጣጡም ዘዴ ቢሆን የሚያጠያይቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጧት በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ አንድ የትራፊክ ፖሊስ ባልደረባ ድምፅ ማጉያ ይዞ ለመላው ተማሪ ንግግር ያደርጋል። ባልደረባው በየዕለቱ የሚያየው ነገር ልቡን የነካው ሰው ስለሆነ ከልቡ ይናገራል። ነገር ግን የሠለጠነው አሽከርካሪን ለመቈጣጠር ነውና፣ የሚያስተምረውም የአሽከርካሪን ትምህርት ይሆናል። ስለዚህ የሁለተኛ ክፍል ልጅ በአደባባይ ውስጥ ቅድሚያ ያለው የትኛው መኪና እንደሆነ፣ ቀይ ጠርዝ ያለው ሦስት ማዕዘን ምልክትና ቀይ ጠርዝ ያለው ክብ ምልክት በምን እንደሚለያዩ ይነገረዋል። ይህ ልጅ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ገና ዐሥር ዓመት ይቀረዋል፤ አስፋልቱን የሚሻገረው ግን ዛሬ በ6 ሰዓት ተኩል ነው።

ከሁሉ ይልቅ ደጋግሞ የሚነገረው «ግራና ቀኝ አይታችሁ ተሻገሩ» የሚለው ትእዛዝ ስለሆነ፣ በእርሱ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል። በኢትዮጵያ እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ መኪና የሚሄደው ግራውን ይዞ ነበር። በዚያ ዓመት ሰኔ 1 ቀን ወደ ቀኝ ተዛወረ። መኪና ቀኙን ይዞ በሚሄድበት አገር በመንገድ ዳር ለቆመ እግረኛ መጀመሪያ የሚደርስበት መኪና በግራው በኩል የሚመጣው ነው፤ ከመንገዱ እኩሌታ ካለፈ በኋላ ደግሞ በቀኙ የሚመጣው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ግራ፣ ቀኝ፣ እንደገና ግራ መሆን አለበት። በእንግሊዝ፣ በሕንድና በጎረቤታችን በኬንያ ግን መኪና ግራውን ይዞ ስለሚሄድ ልጆች የሚማሩት መጀመሪያ ቀኝን እንዲያዩ ነው፤ ለእነርሱ ትክክለኛው ይኸው ነው። ከእነዚህ አገሮች የሚመጡ የሥዕል መጻሕፍት በከተማ ት/ቤቶች ውስጥ ጥቂት አይደሉም፤ ሥዕሉ ተገልብጦ ግድግዳ ላይ ሲሣልም መኪናው ከነአካሄዱ ይገለበጣል። የእነርሱን ቅደም ተከተል በቃሉ የያዘ የአዲስ አበባ ልጅ፣ እግሩን ወደ አስፋልቱ በሚያነሣበት ቅጽበት ዓይኑ ያለው በቀኝ ነው። በጣም የቀረበው መኪና ግን ከጀርባው በግራ ይመጣል። አንድ የመማሪያ ሥዕል ከመታተሙ ወይም ከመሣሉ በፊት ይህን የሚመረምር ሰው መኖር ነበረበት።

ቅደም ተከተሉ ቢስተካከል እንኳ ግራና ቀኝ የሚሉት ቃላት ራሳቸው ለትንሽ ልጅ ቀላል አይደሉም። ቀኙን የሚያውቀው «የምትበላበት እጅ» ተብሎ ስለሆነ፣ ቀኙን ለማግኘት እጁን ማሰብ ይኖርበታል፤ ፊቱን ሲያዞር ቀኙ አብሮት የሚዞር መሆኑንም ለመረዳት ጊዜ ይወስድበታል። ግራ ገባው የሚለው አነጋገር እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። «ግራችሁን ይዛችሁ ተጓዙ» የሚለውም ሁለተኛ ትእዛዝ እንዲሁ ነው። የእግረኛ መንገድ በሌለበት ሥፍራ ይህ ትእዛዝ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ግራውን ይዞ የሚሄድ እግረኛ በአጠገቡ የሚያልፈውን መኪና ፊት ለፊት ያየዋል። ሆኖም ለልጁ የሚነገረው ትእዛዙ እንጂ ምክንያቱ አይደለም። ምክንያቱ ቢነገረው ኖሮ ግራና ቀኙን ቢያምታታ እንኳ ፊቱን ወደሚመጣው መኪና አድርጎ መሄዱን አይረሳም ነበር። ትእዛዝን በምክንያቱ ማስተማር የማስተማር ዘዴ የመጀመሪያው ሀሁ ሆኖ ሳለ፣ በዚህ ትምህርት ላይ ብቻ የተዘለለበት ምክንያት ግልጽ አይደለም።

ከዚህም ሌላ ማየትና አንገትን ማዞር አንድ አይደሉም። በክፍል ውስጥ በጠመኔ በተሠመረ ዜብራ ላይ ልጆች በየተራ እየቆሙ አንገታቸውን ወዲያና ወዲህ ሲያዞሩ መምህሩ ይደሰታል፤ ጓደኞቻቸውም ያጨበጭባሉ። በወለሉ ላይ ግን የሚታይ መኪና የለም። ልጁ የተለማመደው የአንገት እንቅስቃሴ ነው፤ መኪና አይቶ፣ ርቀቱንና ፍጥነቱን ገምቶ፣ «ልሻገር ወይስ ልቆይ» ብሎ መወሰንን አልተለማመደም።

የልጆች ችሎታ በዕድሜ የሚወሰን መሆኑን ያሳዩ ጥናቶች ዛሬ አዲስ አይደሉም። ስዊድናዊቷ የሥነ ልቡና ምሁር ስቲና ሳንደልስ እ.ኤ.አ. በ1968 በታተመ መጽሐፋቸው፣ ትንንሽ ልጆችን በምክርና በትምህርት ብቻ ለዘመናዊ ትራፊክ ብቁ ማድረግ እንደማይቻልና ይልቁንም ትራፊኩ ለልጆች እንዲመች መደረግ እንዳለበት ተከራክረዋል። ክዋሜ አምፖፎ ቦአቴንግና ጄምስ ቶምሰን በስኮትላንድ አድርገውት እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው ጥናት ደግሞ ለመምህር የበለጠ የሚቀርብ ነው። ተመራማሪዎቹ ልጆችን ልዩ ልዩ የመሻገሪያ ሥፍራዎች እያሳዩ የትኛው እንደሚያሰጋና እንደማያሰጋ ጠየቋቸው። የ5 እና የ7 ዓመት ልጆች የሚፈርዱት በአንድ ነገር ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ መኪና ከታያቸው ያሰጋል፣ ካልታያቸው አያሰጋም። መንገዱ የሚታጠፍበት፣ ዳገቱ ጫፍ የሚደርስበት፣ የቆመ መኪና እይታን የሚጋርድበት ሥፍራ ሁሉ መኪና አልታየበትምና ለእነርሱ ጥሩ መሻገሪያ ነበር። መንገዱ አጭር እንዲሆንላቸውም ወደሚሄዱበት ቀጥ ብለው የሚያልፉበትን ይመርጡ ነበር። በዕድሜ ከፍ ያሉት፣ በተለይም የ11 ዓመቶቹ፣ አደጋውን ለይተው ያውቁ ነበር።

ይህን ግኝት ይዞ ወደ አዲስ አበባ መንገድ መመለስ ያስፈራል። ከተማዪቱ የዳገትና የቁልቁለት ከተማ ናት። ከእንጦጦ ግርጌ ወደ ታች በሚወርዱት መንገዶች ላይ ዳገት ጫፍ ላይ ቆሞ መኪና ያላየ ልጅ ለመሻገር የሚያመነታበት ምክንያት የለውም። ሚኒባስ ታክሲ ልጁን አውርዶ ገና ሳይነሣ ልጁ በፊቱ አቋርጦ ይሮጣል፤ ታክሲው የሚጋርደውን አያየውም፤ ያላየው ነገር ደግሞ በእርሱ ዕድሜ የለም ማለት ነው። «ግራና ቀኝ እይ» የተባለውን ቢፈጽም እንኳ የሚያየው የታክሲውን ሆድ ነው። ታዲያ በት/ቤቱ ፖስተር ላይ የሚታየው መንገድ ቀጥ ያለ፣ ሜዳ የሆነ፣ አንድም የቆመ መኪና የሌለበት መንገድ ነው። እንዲህ ያለ መንገድ ላይ ለመሻገር ትምህርት አያስፈልግም።

ሌላም መነሣት ያለበት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1961 በእንግሊዝ አገር አደጋን የሚከላከለው ንጉሣዊ ማኅበር «ተፍቲ» በተባለ ሽኮኮ ስም የሕፃናት ክበብ አቋቁሞ ነበር። ሽኮኮው ለትንንሾቹ የሚነግራቸው ዋነኛ ነገር የእናታችሁን እጅ ያዙ የሚል ነው። ምክሩ ወደ እኛ አገር በልዩ ልዩ መልክ ደርሷል፤ በፖስተሮቹ ላይም «ሕፃናትን እጃቸውን ይዘው ያሻግሩ» ይላል። በብዙ ሠፈሮች ግን የስድስት ዓመቱን ልጅ እጅ ይዛ ት/ቤት የምታደርሰው የዘጠኝ ዓመት እኅቱ ናት። እናት ገበያ ወይም ሥራ ላይ ናት። እንግዲህ በመርኀ ግብሩ ዘንድ አዋቂ ተብላ የተቈጠረችው ልጅ ራሷ ገና የዳገቱን ጫፍ ለይታ የማታውቅ ናት፤ በሁለት እጇም ሁለት ታናናሾች የያዘች እንደሆነ ለራሷ የምትጠነቀቅበት አሳብ አይተርፋትም። ለእነዚህ ታላላቅ ልጆች ተብሎ የተዘጋጀ ትምህርት የለም። ቢኖር ኖሮ አንዱን አስተምሮ ሁለት ሦስቱን ለማትረፍ የሚያስችል፣ በአገሩ ኑሮ ላይ የተመሠረተ ትምህርት በሆነ ነበር።

«ተማሪ ትራፊክ» የሚባለውን አሠራር መንቀፍ ደስ የሚያሰኝ አይደለም፤ ልጆቹ በሥራቸው ይኮራሉ፤ ብዙ አሽከርካሪዎችም ከአዋቂ ይልቅ ለእነርሱ ይታዘዛሉ። ሆኖም በዚህ ላይ ዝም ማለት አይገባም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1920 ጀምሮ በመኪና ባለቤቶች ማኅበር አማካይነት የተስፋፋው የተማሪዎች ጥበቃ አንድ የጠበቀ ደንብ አለው፤ ይኸውም ተማሪው የሚያግደው ተማሪዎችን እንጂ መኪናን አይደለም። በእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ቆሞ ጓደኞቹን «ቆዩ» ይላል፤ ወደ አስፋልቱ አይወርድም። በእንግሊዝ ደግሞ መኪና የማስቆም ሥራ የአዋቂ ነው ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1953 በወጣ ሕግ የአካባቢ አስተዳደሮች ለዚሁ ሥራ ሰዎችን እንዲመድቡ ተፈቀደላቸው። በእኛ ከተሞች ግን የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ «ቁም» የሚል ሰሌዳ ይዞ መሐል አስፋልት ላይ በሚወርድ የጭነት መኪና ፊት ይቆማል። ፍሬን ቢበላሽ፣ ሾፌሩ በስልክ ሐሳቡ ቢወሰድ፣ ዝናብ ቢያንሸራትት የሚሆነውን ለመናገር ነቢይ መሆን አያሻም። አስተዳደሩ ደመወዝ ከፍሎ ሊያቆመው የሚገባውን አዋቂ በልጅ ተክቶ «ተሳትፎ» ብሎ ሰይሞታል። ሰደርያውን ሳያወልቁ ልጆቹን ወደ ጠርዙ መመለስና በአስፋልቱ ላይ አንድ አዋቂ ማቆም በአንድ ሰሚስተር ሊፈጸም የሚችል ማስተካከያ ነው። የጡረታ ዕድሜ የደረሱ፣ በሠፈራቸው የተከበሩ ሰዎች ለዚህ ሥራ አይጠፉም።

ትምህርቱ በሚገባ ቢሰጥ ምን ያህል ይጠቅማል የሚለውን ጥያቄም በቅንነት መመልከት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2002 ዱፔሬክስ፣ በንና ሮበርትስ የተባሉ ተመራማሪዎች ስለ እግረኞች ትምህርት በዕጣ ተመድበው የተካሄዱ 15 ሙከራዎችን ሰብስበው መርምረዋል። ትምህርቱ የልጆችን ዕውቀትና በመንገድ ላይ የሚታይ ጠባያቸውን ሊያሻሽል እንደሚችል አገኙ፤ የተጎጂዎችን ቍጥር ይቀንስ እንደሆነ ግን ከእነዚያ ሙከራዎች ለማወቅ አልተቻለም። ከ15ቱ አንዱም በድኻ ወይም በመካከለኛ ገቢ ባለ አገር የተደረገ አልነበረም። ይህ ውጤት ትምህርቱ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ነገር ግን ትምህርትን ለብቻው የአደጋ መድኃኒት አድርጎ የሚያቀርብ ማናቸውም አስተዳደር፣ ማስረጃ የሌለውን ተስፋ ለወላጆች እየሸጠ መሆኑን ያስገነዝባል።

ጠባይን በማሻሻል ረገድ ከሁሉ የተሻለ ምስክር ያለው አሠራር በግላስጎው ከተማ ድራምቻፕል በተባለ የድኾች ሠፈር በጄምስ ቶምሰንና በባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሞከረው ነው። በዚያ ፖስተር አልተለጠፈም፤ ንግግርም አልተደረገም። ከዚያው ሠፈር የተገኙ ወላጆች ጥቂት ሥልጠና ወስደው ከ5 እስከ 7 ዓመት የሆኑ ልጆችን ሁለት ሦስት እያደረጉ ወደ እውነተኛው መንገድ ዳር ያወጧቸዋል። ለሳምንታት የሚለማመዱት ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ደኅና መሻገሪያ መምረጥ፣ የቆሙ መኪኖች ባሉበት መሻገር፣ መገናኛ መንገድ አጠገብ መሻገር። ወላጁ መልሱን አይነግርም፤ «ከዚህ ብንሻገር ምን አይታየንም?» ብሎ ይጠይቃል። የልጆቹ አመራረጥ በግልጽ በመሻሻሉ አሠራሩ በኋላ በመንግሥት ድጋፍ ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፍቷል። ሠፈሩ ድኻ፣ መምህራኑም በጎ ፈቃደኛ ወላጆች መሆናቸው በተለይ ሊጤን ይገባዋል፤ ይህን ለመቅዳት የሚያስፈልገው ገንዘብ ሳይሆን ሰዓትና ትዕግሥት ነውና።

ለእኛ የሚቀርበው ግን የዳሬ ሰላም ምሳሌ ነው። አሜንድ የተባለ ድርጅት በታንዛንያ ዋና ከተማ ሳይሆን በትልቁ ከተማዋ፣ በዳሬ ሰላም፣ ብዙ ልጆች የሚጎዱባቸውን ት/ቤቶች አስቀድሞ ለየ። ከዚያም በበራቸው ላይ የእግረኛ መንገድ፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታና ዜብራ አሠራ፤ አንዳንዱንም በር ጸጥ ወዳለው መንገድ አዛወረ። ትምህርቱ የመጣው ከዚህ ጋር ነው፤ ልጆቹ የሚማሩት በበራቸው ላይ በተሠራው አዲስ መሻገሪያ እንዴት እንደሚጠቀሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመው ጥናት መሠረት በእነዚህ ት/ቤቶች የተጎጂ ልጆች መጠን በ26 በመቶ ቀንሷል። ቍጥሩ የተገኘው ከበራሪ ወረቀት አይደለም። የበሩን ቦታ የመለወጥ ሐሳብ በተለይ ያስደንቃል፤ አንድ የብረት በር ነቅሎ በሌላው አጥር መትከል የአንድ ቀን ሥራ ሲሆን፣ የብዙ ት/ቤቶቻችን በር ግን ዛሬም ቢሆን ት/ቤቱ ከመንገዱ ማማር እንዳይጎድል ተብሎ ወደ ዋናው አስፋልት ይከፈታል።

እዚህ ላይ የኃላፊነት ነገር ይመጣል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የመንገድ ትራፊክ ሕግ 39ኛ አንቀጽ የአካባቢ አስተዳደሮች በክልላቸው የሚደርሰውን አደጋ እንዲያጠኑ፣ በጥናቱም ላይ ተመሥርተው ምክርና የተግባር ሥልጠና እንዲሰጡ፣ መንገድ እንዲያሻሽሉ ያስገድዳል። ጥናቱ ይቀድማል፤ ትምህርቱ ይከተላል፤ ሁለቱም በአንድ መሥሪያ ቤት ላይ የተጣሉ ግዴታዎች ናቸው። በእኛ ዘንድ የአደጋው መዝገብ በፖሊስ፣ መንገዱ በመንገድ መሥሪያ ቤት፣ ልጁ ደግሞ በትምህርት ቢሮ እጅ ነው። በትንንሽ ከተሞች ችግሩ ይብሳል። ከተማው የተቈረቈረው አገር አቋራጩን መንገድ ተከትሎ ስለሆነ ት/ቤቱ በመንገዱ ዳር ነው፤ መንገዱ ግን የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው። የከተማው ከንቲባ ጉብታ ለማሠራት ደብዳቤ መጻፍ አለበት፤ ልጆቹን «ተጠንቀቁ» ለማለት ግን የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም። ስለዚህ የሚቀለውን ያደርጋል። የመንገድ ደኅንነት ትምህርት በብዙ ሥፍራ የሚስፋፋው ጥቅሙ ስለተረጋገጠ ሳይሆን ደብዳቤ የማይጠይቅ ብቸኛ ሥራ ስለሆነ ይመስላል። የዚህም መጥፎ ውጤት ልጁ ሲጎዳ ይታያል፤ «ተምሮ ነበር እኮ» ይባላል፤ ጥፋቱም በእግረኛው ቸልተኝነት ይመዘገባል።

መምህራን በበኩላቸው የሚያነሡት ተቃውሞ ሊናቅ አይገባም። በአንድ ክፍል 60 እና ከዚያም በላይ ተማሪ ይዞ ሁለት ሁለቱን ወደ መንገድ ማውጣት ለአንድ መምህር አይሞከርም፤ አንድ ልጅ ቢጎዳ የሚጠየቀውም እርሱ ነው። ወላጅ ኮሚቴዎች እዚህ ላይ ሊገቡ ይችላሉ። ከሁሉ ይበልጥ ግን ገና ያልተነካ ኃይል አለ፤ ለተግባር ልምምድ በየት/ቤቱ የሚመደቡት ዕጩ መምህራን ናቸው። በልምምዳቸው ወቅት ከክፍል መምህሩ ጀርባ ተቀምጠው ማስታወሻ ሲይዙ የሚያሳልፉትን ሰዓት ከፊሉን አራት አራት ልጅ ይዘው በት/ቤቱ አጥር ዙሪያ ቢያውሉት፣ ልጆቹም እነርሱም ይማራሉ። ለዚህ የሚሆን ሥርዓተ ትምህርት በማሠልጠኛ ኮሌጆች ውስጥ እስካሁን የለም፤ ወቀሳው ለከተማ አስተዳደሮች ብቻ የሚተው አይደለም ማለት ነው።

ይህ ትምህርት የራሱ ክፍለ ጊዜ ይሰጠው የሚለው ሐሳብም አይደገፍም። የክፍለ ጊዜው ሠንጠረዥ ሞልቷል፤ ደግሞም ነገሩ ባሉት ትምህርቶች ውስጥ ቦታ አለው። ለምሳሌ ሒሳብ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይሄዳል። ስፋቱ 7 ሜትር የሆነ አስፋልት በሰከንድ አንድ ሜትር የሚራመድ ልጅ ለመሻገር 7 ሰከንድ ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ መኪናው 97 ሜትር ያህል ይመጣል። እንግዲህ ልጁ ያለ ሥጋት ለመሻገር መኪናው አንድ የእግር ኳስ ሜዳ ያህል ርቆ መሆን አለበት። ይህን ያሰላ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ወደ ግቢው ወጥቶ 97 ሜትር በእርምጃው ቢለካ፣ ከዚያም በበሩ ላይ ቆሞ ያን ያህል ርቀት መንገዱ ይታይ እንደሆነና እንዳልሆነ ቢመረምር፣ ስሌቱ ሕይወት ያገኛል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና ደግሞ የሚያስፈልገው ርቀት ወደ 58 ሜትር እንደሚወርድ ራሱ ያገኘዋል፤ በት/ቤት አጠገብ ፍጥነት እንዲቀነስ የሚጠየቅበት ምክንያት ያን ጊዜ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም።

በአካባቢ ሳይንስ ትምህርትም ተማሪዎች ካርታ መሣል ይማራሉ። ከቤታቸው እስከ ት/ቤት ያለውን መንገድ ሣሉ፤ የሚፈሩበትን ሥፍራ ቀይ ቀለም ቀቡ ቢባሉ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ስድሳ ካርታ ይሰበሰባል። ቀዩ ቀለም የተደራረበበትን ሥፍራ ለማወቅ አጥኚ ከውጭ መጥራት አያስፈልግም፤ ልጆቹ ያውቁታል፤ የጠየቃቸው የለም እንጂ። ርእሰ መምህሩ ከስድሳው አንድ ካርታ አስጠቃልሎ፣ አንዱን ቅጂ ለክፍለ ከተማው የመንገድ ሥራ ክፍል፣ ሁለተኛውን ለአካባቢው ትራፊክ ፖሊስ ቢልክና የተላከበትን ቀንና የተሰጠውን መልስ በት/ቤቱ መዝገብ ቢያስመዘግብ፣ የሚቀጥለው ዓመት ሪፖርት ግንዛቤ ከጨበጡት ቍጥር ሌላ የሚጽፈው ነገር ያገኛል።